የወለቀ ጥርስን በኢምፕላንት መተካት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥርስ የጎደለው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለሚተከለው ጥርስ ነው፤ ቀለሙ ከሌሎቹ ጋር ይመሳሰላል ወይ፣ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ያማል ወይ እያለ። እኔ ግን አስቀድሜ የምመለከተው ድዱንና ከድዱ ሥር ያለውን አጥንት ነው። ፈገግታውን የሚመልሰው ጥርስ የሚጸናውም የሚወድቀውም በእነዚህ በሁለቱ ነውና። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሐኪምን አይተኩም፤ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ግን የሚነገርዎት ነገር እንዲገባዎትና መጠየቅ ያለብዎትን እንዲያውቁ ያግዛሉ።

ኢምፕላንት ሲባል ምኑ ነው? ጥርሱ ነው ወይስ ብረቱ?

በአጥንት ውስጥ የሚቀበረው ክፍል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከቲታኒየም ይሠራል፤ ቅርጹ ብሎን ይመስላል፣ ውፍረቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱም በአመዛኙ ከ8 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የተፈጥሮ ጥርስ ሥር ይዞት የነበረውን ቦታ የሚይዘው እርሱ ነው። በላዩ ድዱን አልፎ ብቅ የሚል ማያያዣ ይገጠምበታል፤ ከማያያዣው በላይ ደግሞ ዓይን የሚያየውና ምግብ የሚያኝከው ክራውን ይቀመጣል። ክራውኑ ዚርኮኒያ ከሚባል ጠንካራ ሴራሚክ ወይም ከፖርሴሊን ይሠራል። ሦስቱም ብዙ ጊዜ በተለያየ ቀን ስለሚገጠሙ፣ «ዛሬ ጥርስ ተተከለልኝ» የሚል ሰው ዛሬ የገባለት ሥሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ቀድሞ ማወቅ በኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ያድናል።

ሰውነት ባዕድ የሆነ ብረትን እንዴት ይቀበላል?

የዚህ መልስ የተገኘው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ ደም በአጥንት ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር ለማጥናት፣ ከቲታኒየም የተሠራ ትንሽ መመልከቻ መሣሪያ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ አስገቡ። ጥናቱ አልቆ መሣሪያውን ሊያወጡት ሲሞክሩ አልወጣ አላቸው፤ አጥንቱ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኖ ነበር። ከዓመታት ሙከራ በኋላ በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው መንጋጋ ላይ ተከሉ። የመጀመሪያው ታካሚ በተተከሉለት ኢምፕላንቶች ከ40 ዓመት በላይ እያኘከ ኖሯል።

ቲታኒየም አየር እንደነካው ገጽታው ላይ እጅግ ስስ የሆነ የኦክሳይድ ሽፋን ይፈጠራል። ሰውነት ይህን ሽፋን እንደ ጠላት ስለማይቆጥረው የአጥንት ሴሎች ተጠግተው አዲስ አጥንት ይሠሩበታል። የዛሬዎቹ ኢምፕላንቶች ገጽታቸው ሆን ተብሎ እንዲሻክር የሚደረገውም አጥንት የሚይዘው ቦታ እንዲያገኝ ነው። ሐኪሙ ብረቱን በትክክለኛው ቦታ ያስቀምጣል እንጂ የማዋሐዱን ሥራ የሚሠራው የታካሚው አጥንት ነው። ስለዚህም አጥንቱን የሚጎዳ ማንኛውም ነገር፣ ሲጋራም ሆነ ያልተቆጣጠሩት ስኳር ወይም ችኮላ፣ ኢምፕላንቱን ይጎዳል። የቲታኒየም አለርጂ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፤ ብረት ለማይፈልጉም ከዚርኮኒያ የተሠሩ ኢምፕላንቶች አሉ።

የጎደለኝ አንድ የመንጋጋ ጥርስ ነው፤ ስስቅም አይታይም። ብተወውስ?

አንዳንዱን መተው ይቻላል። የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርስ፣ በተለምዶ የአእምሮ ጥርስ የምንለው፣ ከወለቀ መተካት አያስፈልገውም። ከእርሱ ቀጥሎ ያለውም ቢሆን ፊት ለፊቱ የሚገጥመው ጥርስ ከሌለና ማኘክ ካልተቸገሩ ሳይተካ ሊቆይ ይችላል። ጎዶሎ ሁሉ መሞላት አለበት ብሎ የሚያስቸኩልዎት ካለ ምክንያቱን ይጠይቁ።

በሌሎቹ ቦታዎች ግን ክፍተቱ ባዶውን አይቀመጥም። ከግራና ከቀኝ ያሉት ጥርሶች ቀስ በቀስ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ፊት ለፊት ያለው ጥርስም የሚያስቆመው ስለሌለ ከመስመሩ ወጥቶ ይረዝማል። ይህ ሁሉ ሕመም የለውም፤ በወራትና በዓመታት ውስጥ የሚሆን ነው። ታካሚው ቆይቶ ሲመጣ ጥርስ የሚተከልበት ስፋት ጠፍቶ እናገኘዋለን፤ ያኔ ጥርሶቹን በሽቦ ወደ ቦታቸው መመለስ ወይም የረዘመውን ጥርስ ማሳጠር ይመጣል። ባይተኩት እንኳ በየጊዜው እየታየ ቢቆይ መልካም ነው።

ጥርሴ ከወለቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ረፍዶብኛል?

አብዛኛውን ጊዜ አልረፈደም፤ መንገዱ ግን ይረዝማል። የመንጋጋ አጥንት በጥርስ ዙሪያ የሚኖረው ጥርሱ ስላለ ነው። ጥርሱ ሲነቀል ሥራ ያጣው አጥንት መሟሟት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ውስጥ የአጥንቱ ስፋት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ከዚያም አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። መሟሟቱ ከዚያ በኋላ ቢያዘግምም አይቆምም። ጥርሳቸው ለረጅም ዘመን የወለቀባቸው አረጋውያን ጉንጫቸው የሚጎደጉደው፣ ከንፈራቸው ወደ ውስጥ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ስለ መተካቱ ይነጋገሩ። ከነቀሉ በኋላ አይደለም። ጥርሱ በጥንቃቄ፣ ዙሪያው ያለው ስስ አጥንት ሳይሰበር ሊነቀል ይችላል፤ ጉድጓዱም በዚያው ቀን በአጥንት መሙያ ተሞልቶ እንዲጠበቅ ማድረግ ይቻላል። ያቺ አንዲት ውይይት በኋላ የሚመጣን ትልቅ ቀዶ ሕክምና ልታስቀር ትችላለች።

ከብሪጅና ከሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ በምን ይለያል?

ብሪጅ ጎዶሎውን እንደ ድልድይ የሚሸፍን የማይወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው፤ የሚሠራውም ከጎዶሎው ግራና ቀኝ ያሉትን ጥርሶች ሞርዶ ነው። ጥርሶቹ ቀድሞም የተበላሹና ክራውን የሚያስፈልጋቸው ከሆኑ ብሪጅ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ቶሎም ያልቃል። ጤነኛ ከሆኑ ግን ገለፈታቸውን፣ ማለትም የጥርሱን ጠንካራ የውጭ ሽፋን፣ ተሞርዶ ማጣት ያሳዝናል፤ የተሞረደ ገለፈት ተመልሶ አይበቅልም። የሚወልቀው ጥርስ ደግሞ ቀዶ ሕክምና አይፈልግም፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን ክብደቱ ድዱ ላይ ስለሚያርፍ ከሥሩ ያለው አጥንት መሟሟቱን ይቀጥላል፣ ከጊዜ በኋላም ይላላል። ኢምፕላንት ጎረቤቶቹን አይነካም፤ የማኘኩን ኃይል ወደ አጥንቱ ስለሚያስተላልፍም አጥንቱ በዙሪያው ይቆያል።

ሆኖም ኢምፕላንት የተፈጥሮ ጥርስን አይበልጥም። ሊድን የሚችል ጥርስ ካለዎት ሥሩን አሳክመው ያቆዩት። ጤነኛ ወይም ሊታከም የሚችል ጥርስ ነቅሎ ኢምፕላንት መትከልን እንደ መሻሻል የሚያቀርብ ምክር ካጋጠመዎት የሌላ ሐኪም አስተያየት ይፈልጉ።

ያማል?

ብዙዎች ጥርስ ከማስነቀል ቀለል ብሎ እንዳገኙት ይናገራሉ። ፍርሃቱ ከሕመሙ ስለሚበልጥ፣ በክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን በዝርዝር ብነግርዎት ይሻላል።

መጀመሪያ ድዱ በማደንዘዣ መርፌ ይደነዝዛል፤ ይህ ለጥርስ መሙላት የሚሰጠው ዓይነት ማደንዘዣ ነው። ቀጥሎ ድዱ በትንሹ ተከፍቶ አጥንቱ ይታያል። መሰርሰሪያው ጥርስ ለመሙላት እንደሚያገለግለው የሚያፏጭ አይደለም፤ ዝግ ብሎ፣ በወፍራም ድምፅ ይዞራል። ቀዝቃዛ የጨው ውኃ ያለማቋረጥ ይፈስበታል፤ አጥንት ለ1 ደቂቃ ያህል ከ47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ ሴሎቹ ስለሚሞቱ ነው። ረዳቷ ውኃውን እየመጠጠች ታወጣለች። ሐኪሙ በቀጭኑ መሰርሰሪያ ጀምሮ ወደ ወፍራሙ እየቀየረ ጉድጓዱን ደረጃ በደረጃ ያሰፋል። ታካሚው የሚሰማው መንቀጥቀጥና ግፊት ነው፤ ስለታም ሕመም ከተሰማው እጁን ያነሣል፣ ማደንዘዣ ይጨመርለታል። ከዚያ ኢምፕላንቱ ከታሸገበት ንጹሕ ብልቃጥ ወጥቶ እጅ ሳይነካው በመሣሪያ ቀስ እየተጠመዘዘ ወደ አጥንቱ ይገባል። ለአንድ ኢምፕላንት ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አያልፍም።

ማደንዘዣው ሲለቅ ሕመም ይኖራል። እንደ ኢቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል ያለ፣ ሐኪምዎ ለጤናዎ ተስማሚ ነው ብሎ ያዘዘልዎት ማስታገሻ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። እብጠቱ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ከፍ ብሎ ከዚያ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ መግል፣ ትኩሳት ወይም የማይለቅ የከንፈር መደንዘዝ ካለ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ።

ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ስንት ጊዜ ይወስዳል?

ቀላል በሆነ ሁኔታ ከ3 እስከ 6 ወር። የታችኛው መንጋጋ አጥንት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይይዛል፤ የላይኛው ሳሳ ያለ ስለሆነ ይቆያል። አጥንት መጨመር ካስፈለገ ሌላ ከ4 እስከ 9 ወር ሊታከል ይችላል።

በሳምንታት ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ትዕግሥት ይሰጣል። ኢምፕላንቱ በገባበት ቀን አጥብቆ የሚይዘው የብሎኑ ጠመዝማዛ ጠርዝ አጥንቱን መንከሱ ነው። ሰውነት በዙሪያው ያለውን አሮጌ አጥንት እየጠረገ በአዲስ ይተካዋል። አሮጌው ተጠርጎ አዲሱ ገና ሳይጠነክር፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት ገደማ፣ ኢምፕላንቱ ከገባበት ቀን ይልቅ ይላላል። አሳሳቹ ነገር በዚሁ ጊዜ ሕመሙም እብጠቱም ጠፍቶ ታካሚው ድኛለሁ ብሎ ማሰቡ ነው። «ምንም አይሰማኝም» ብሎ ጠጣር ነገር የሚያኝክበት ሳምንትና ኢምፕላንቱ እጅግ ደካማ የሆነበት ሳምንት አንድ ናቸው። ስለዚህ ሐኪሙ በዚያ በኩል እንዳያኝኩ ካለዎት ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ አይተዉት።

በአንድ ቀን ተነቅሎ፣ ተተክሎ፣ ጥርስ ተገጥሞ መውጣት ይቻላል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

ለአንዳንድ ሰው እውነት ነው። የተነቀለው ጥርስ ዙሪያ አጥንቱ ሙሉ ከሆነ፣ መግል የያዘ ኢንፌክሽን ከሌለና ኢምፕላንቱ ሲገባ በበቂ ጥንካሬ ከያዘ በዚያው ቀን ጊዜያዊ ክራውን ሊቀመጥበት ይችላል። ጥንካሬው በግምት የሚባል አይደለም፤ ማጥበቂያው መሣሪያ ላይ በቁጥር ይነበባል፣ ብዙ ሐኪሞችም 35 ኒውተን ሴንቲ ሜትር (የማጥበቅ ኃይል መለኪያ ነው) ገደማን እንደ መነሻ ይወስዳሉ። ያ ጊዜያዊ ጥርስ ሆን ተብሎ አጠር ተደርጎ ይሠራል፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ጥርስ እንዳይነካ። ለመታየት ነው እንጂ ለመንከስ አይደለም። ቀዶ ሕክምናው ገና ሳይጀመር የአንድ ቀን ጥርስ በእርግጠኝነት የሚሰጥ ተስፋ ግን አይዋጥልኝም፤ የሚወስነው በዕለቱ የሚገኘው የአጥንቱ ጥንካሬ ነው።

እስኪያልቅ ድረስ ጥርስ አልባ ሆኜ ልቆይ ነው?

የፊት ጥርስ ከሆነ አይደለም። ቀለል ያለ የሚወልቅ ጥርስ ወይም ከጎረቤት ጥርሶች ጋር የሚጣበቅ ጊዜያዊ ጥርስ ይሠራል። በድዱ ቁስል ላይ እንዳይጫን ግን መስተካከል አለበት።

አጥንትህ አይበቃም ተባልኩ። ተስፋ የለኝም?

አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ጎደለ?» የሚለው ነው፤ ይህን የሚመልሰው ተራ ራጅ ሳይሆን ስፋቱን፣ ከፍታውንና ጥልቀቱን በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየው የመንጋጋ ሲቲ ስካን ነው። በሳሳ አጥንት ላይ በግድ የተተከለ ኢምፕላንት የሚፈርስ ግድግዳ ላይ እንደተመታ ምስማር ነው፤ ለጊዜው የያዘ ይመስላል።

የጎደለውን ለመሙላት ከራስዎ መንጋጋ ሌላ ቦታ የተወሰደ አጥንት፣ በፋብሪካ ተጣርቶ የተዘጋጀ የከብት አጥንት፣ ከሰው ለጋሽ የተገኘ ወይም ሰው ሠራሽ መሙያ ይጠቅማል። መሙያው ራሱ ለዘለዓለም አጥንት ሆኖ አይቀመጥም፤ የእርስዎ አጥንት እየወጣበት የሚያድግበት መደገፊያ ነው። የላይኛው የኋላ መንጋጋ ከበላዩ ሳይነስ የሚባል አየር የሞላበት ክፍተት አለው፤ ጥርስ ከወለቀ በኋላ ይህ ክፍተት ወደ ታች ስለሚሰፋ አጥንቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሊቀር ይችላል። ያኔ የሳይነሱ ስስ ሽፋን በጥንቃቄ ወደ ላይ ከፍ ተደርጎ ከሥሩ አጥንት ይሞላል። በታችኛው መንጋጋ ደግሞ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ በአጥንቱ ውስጥ ያልፋል፤ ከኢምፕላንቱ ጫፍ እስከ ነርቩ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር መተው የተለመደ ጥንቃቄ ነው። አጠር ያሉ ኢምፕላንቶችም ስላሉ አጥንት መጨመር ሁልጊዜ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ሁለቱንም አማራጭ ይጠይቁ።

የስኳር በሽታ አለብኝ፤ መድኃኒትም እወስዳለሁ። ይቻለኛል?

ስኳሩ በቁጥጥር ሥር ከሆነ ይቻላል። ከልክ በላይ ከፍ ብሎ የሚቆይ ስኳር የቁስል መዳንን ያዘገያል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል፤ ስለዚህ ሐኪሙ የ3 ወሩን አማካይ የስኳር መጠን የሚያሳየውን የደም ምርመራ ይጠይቃል። ከፍ ካለ መጀመሪያ እርሱ ይስተካከል፤ ጥርሱ ይጠብቃል። የደም ግፊትም እንዲሁ።

ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ውሳኔ ማቆም የለበትም። ድድ ላይ የሚደርስን መድማት በስፌትና በሚነከስ የቁስል ጨርቅ መቆጣጠር ይቻላል፤ መድኃኒት በማቆም የሚመጣ የደም መርጋት ግን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

በጣም የማሳስበው ስለ አጥንት መሳሳት መድኃኒቶች ነው። ቢስፎስፎኔት የሚባሉት ክኒኖችና መርፌዎች እንዲሁም ዴኖሱማብ የተባለው መርፌ የመንጋጋ አጥንት ከቁስል በኋላ እንዳይድን ሊያደርጉ ይችላሉ። በተለይ ካንሰር ወደ አጥንት ሲዛመት በከፍተኛ መጠን በሚሰጡበት ጊዜ አደጋው ይጨምራል። ብዙ ታካሚዎች ለአጥንት የሚወሰድ መድኃኒት ከጥርስ ጋር ምን አገናኘው ብለው ሳይናገሩ ይቀራሉ፤ በወር ወይም በስድስት ወር አንዴ የሚሰጥ ስለሆነም ይረሳል። ከዓመታት በፊት ወስደው ያቆሙትንም ጭምር ይንገሩ። አንገት ወይም መንጋጋ ላይ የጨረር ሕክምና የተደረገለት ሰውም ይህን ሳይናገር ማለፍ የለበትም። እርጉዝ ከሆኑ ደግሞ እስኪወልዱ መቆየት ይሻላል፤ የሚያስቸኩል ሕክምና አይደለም።

አጫሽ ነኝ።

ሲጋራ የድድን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ቁስሉ የሚፈልገውን ደምና ኦክስጅን ይነፍገዋል። በአጫሾች ላይ ኢምፕላንት የመውደቅ ዕድሉ ከማያጨሱት ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፤ ቆይቶ የሚመጣውም የድድ ብግነት ይበዛባቸዋል። አጫሽ ስለሆኑ ብቻ አይመለሱም። ነገር ግን ቢያንስ ከቀዶ ሕክምናው አንድ ሳምንት አስቀድመው ቢያቆሙና አጥንቱ እስኪይዝ ድረስ ባያጨሱ ለራስዎ ትልቅ ነገር ያደርጋሉ። ለዘለዓለም ቢያቆሙማ እንዴት ደስ ባለኝ።

ልጄ በአደጋ የፊት ጥርሱ ወለቀ፤ እናቴ ደግሞ 80 ዓመት ሊሞላት ነው። የዕድሜ ገደብ አለው?

ወደ ላይ ገደብ የለውም። የእናትዎን ሁኔታ የሚወስነው ጤናቸውና አፋቸውን የማጽዳት አቅማቸው ነው፤ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በቀላሉ የሚጸዳ አሠራር ይመረጥላቸዋል።

ለልጅዎ ግን መጠበቅ ግዴታ ነው። የተፈጥሮ ጥርስ መንጋጋው ሲያድግ አብሮት ይወርዳል፤ ኢምፕላንት ግን ከአጥንቱ ጋር ስለተዋሐደ በቦታው ይቀራል። በ14 ዓመቱ የተተከለ የፊት ጥርስ በ20 ዓመቱ ከጎረቤቶቹ አጥሮ፣ ወደ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ስለዚህ የፊት አጥንት እድገት እስኪያበቃ፣ ብዙ ጊዜ ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ መጀመሪያ ድረስ፣ በጊዜያዊ ጥርስ ይቆያል። ወላጆች ልጃቸው በትምህርት ቤት እንዳይሳቀቅ ብለው ሲያስቸኩሉ ይገባኛል፤ በደንብ የተሠራ ተጣባቂ ጊዜያዊ ጥርስ ያንን ችግር ይፈታዋል።

ጥርሶቼ በሙሉ ወልቀዋል። ለእያንዳንዱ ኢምፕላንት ሊተከል ነው?

አይደለም። በታችኛው መንጋጋ 2 ኢምፕላንት ብቻ ተተክሎ ሙሉ የሚወልቀው ጥርስ በእነርሱ ላይ እንደ ቁልፍ «ቀጭ» ብሎ ሊያዝ ይችላል። ይህ በወጪም በቀዶ ሕክምናም ቀለል ያለ ሆኖ የሰውን ኑሮ እጅግ የሚለውጥ ሕክምና ነው፤ የታችኛው ጥርስ ምላስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እየተነሣ የሚያስቸግር ስለሆነ ልዩነቱ ከመጀመሪያው ምግብ ጀምሮ ይታወቃል። በላይኛው መንጋጋ ብዙ ጊዜ 4 ያስፈልጋል። የማይወልቅ ሙሉ ጥርስ የሚፈልጉ ደግሞ እንደ አጥንታቸው ሁኔታ በአንድ መንጋጋ ከ4 እስከ 6 ኢምፕላንት ይተከልላቸዋል። የማይወልቀው የበለጠ ይማርካል፤ ለማጽዳት ግን የበለጠ ትጋት ይጠይቃል።

የፊት ጥርሴ ነው። ፈገግታዬ እንደ ድሮው ይሆናል?

ከዚህ ጥያቄ ጋር የሚመጡትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ ሲስቁ እጃቸውን ወደ አፋቸው ያነሣሉ፣ ፎቶግራፍ ላይ ከንፈራቸውን ይገጥማሉ። ለብዙዎቹ መልሱ «አዎ፣ እጅግ ይቀርባል» ነው። ነገር ግን የፊት ጥርስን ውበት የሚወስነው ክራውኑ ብቻ አይደለም። ጥሩ የጥርስ ላቦራቶሪ ቀለሙን፣ ጫፉ ላይ ያለውን ብርሃን የሚያስተላልፍ ስስ ክፍል፣ ከጎረቤቱ ጥርስ ላይ ያለችውን ጥቃቅን ነጭ ነጥብ ሳይቀር ሊያስመስል ይችላል። አስቸጋሪው ድዱ ነው።

በሁለት ጥርሶች መካከል ያለችውን ሦስት ማዕዘን የድድ ጫፍ በመስታወት ይመልከቱ። እርስዋ የምትቆመው ከሥሯ ያለው አጥንት ከፍ ብሎ ስለደገፋት ነው። አጥንቱ ከወረደ ጫፏም ትወርዳለች፣ በጥርሶቹ መካከልም ጥቁር ክፍተት ይታያል። ለዚህ ነው ኢምፕላንቱ ከጎረቤት ጥርስ ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ከሌላ ኢምፕላንት ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ያህል መራቅ ያለበት። ወደ ከንፈር በኩል ትንሽ ከተጠጋ ድዱ ይሸሻል፤ ድዱ ስስ ከሆነም የብረቱ ግራጫ ጥላ ሊታይ ይችላል። ሐኪሙ አስቀድሞ ከድድ ላይ ቁራጭ ወስዶ ሊያወፍረው፣ የዚርኮኒያ ማያያዣም ሊመርጥ ይችላል። ጊዜያዊ ክራውን ለጥቂት ወራት አስቀምጦ ድዱን ቀስ በቀስ መቅረጽም አለ። ፈገግ ሲሉ ድድዎ የሚታይ ከሆነ ይህን ቀድመው ያንሡት፤ ዕቅዱ ይለወጣልና።

ምን ያህል ዓመት ያገለግላል? ሊወድቅስ ይችላል?

ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለሉ ግምገማዎች ከ10 ዓመት በኋላ ከ100 ኢምፕላንቶች ወደ 95 የሚሆኑት በቦታቸው እንዳሉ ያሳያሉ። ክራውኑ ግን ከሥሩ ያነሰ ዕድሜ አለው፤ ሊሰነጠቅ፣ ብሎኑ ሊላላ፣ አንድ ቀንም ሊቀየር ይችላል። ይህ መጠገን የሚችል ነገር ነው። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው የመከላከያ ሽፋን አድርጎ ቢተኛ ብዙ ጉዳት ያስቀራል፤ ኢምፕላንት በተፈጥሮ ጥርስና በአጥንት መካከል ያለው እንደ ትራስ የሚያለዝብና ጫናን የሚያሳውቅ ጅማት የለውም፣ ስለዚህ ከልክ ያለፈ ኃይል ሲያርፍበት አይሰማዎትም።

ውድቀት ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንደኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት አጥንቱ ሳይይዝ ሲቀር ነው፤ ኢምፕላንቱ ይነቃነቃል፣ በቀላሉ ይወጣል፣ አጥንቱ ካገገመ በኋላ ብዙ ጊዜ ዳግም መትከል ይቻላል። ሁለተኛው ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ነው፤ የሚያሠጋኝም እርሱ ነው። ኢምፕላንት እንደ ተፈጥሮ ጥርስ አይቦረቦርም፤ በዙሪያው ያለው ድድ ግን ይታመማል። በተፈጥሮ ጥርስ ላይ የድዱ ክሮች ሥሩ ውስጥ ተሰክተው በር ይዘጋሉ፤ በኢምፕላንት ላይ ግን በዙሪያው ይጠመጠማሉ እንጂ አይሰኩም። ጀርሞች ስለዚህ በቀላሉ ወደ ታች ይወርዳሉ። በመጀመሪያ ድዱ ይቀላል፣ ሲቦረሽ ይደማል፤ በዚህ ደረጃ በጽዳት ይመለሳል። ካለፈ አጥንቱ መበላት ይጀምራል፤ የጠፋውን አጥንት ሙሉ በሙሉ መመለስ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ይሆናል። ቀድሞ ጥርሱን በድድ በሽታ ያጣ ሰው ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ስለሆነ የድዱ ሕክምና ከተከላው በፊት መጠናቀቅ አለበት።

እንዴት ነው የማጸዳው?

በቀን ሁለት ጊዜ ለስላሳ ብሩሽ፣ ድዱና ክራውኑ በሚገናኙበት መስመር ላይ ጋደል ተደርጎ። ከዚያ በጥርሶቹ መካከል የምትገባ ጠባብ ብሩሽ፤ ሽቦዋ በፕላስቲክ የተሸፈነ ቢሆን ይመረጣል። መጠኗን ሐኪሙ በአፍዎ ውስጥ ለክቶ ይንገርዎት፤ በጣም የቀጠነችም ወፍራ የማትገባም አትጠቅምም። ብሪጅ ወይም ሙሉ ጥርስ ከሆነ ከሥሩ የሚያልፍ ወፍራም የጥርስ ክር ያስፈልጋል። ስለሚደማ ማጽዳቱን አይተዉ፤ መድማቱ ማጽዳት እንዳነሰው ነው የሚናገረው። በየ6 ወሩ፣ ለተጋላጮች በየ3 ወይም በየ4 ወሩ፣ ታይቶ ጥልቀቱ ይለካ፣ በየጊዜውም ራጅ ይነሣ።

ኤምአርአይ መነሣት እችላለሁ?

ይችላሉ። ኤምአርአይ የሚሠራው በኃይለኛ ማግኔት ቢሆንም ቲታኒየም በማግኔት አይሳብም፤ ፊት አካባቢ የሚነሣ ምስል ላይ ግን ትንሽ ጥላ ሊጥል ስለሚችል ለባለሙያው ይንገሩ። ሙሉ ጥርስዎ በማግኔት የሚያዝ ዓይነት ከሆነ ግን አስቀድሞ መነገር አለበት።

ዋጋው ከቦታ ቦታ ለምን ይህን ያህል ይለያያል?

የሚጠቀሰው ዋጋ ምን ምን እንደሚያካትት ስለማይገለጽ ነው፤ አንዱ የብሎኑን ብቻ ይናገራል፣ ሌላው ከሲቲ ስካን እስከ ክራውኑ ያለውን። በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ምርመራው፣ ጥርስ መንቀሉ፣ አጥንት መሙላቱ፣ ጊዜያዊው ጥርስ፣ ማያያዣው፣ ክራውኑና ክትትሉ አንድ በአንድ ተዘርዝረው። ካልያዘስ ማን ይሸፍናል? ይህም ይጻፍ።

ከመወሰኔ በፊት ሐኪሙን ምን ልጠይቅ?

ከሁሉ በፊት «በእኔ አፍ ውስጥ የሚያሠጋዎት ምንድን ነው?» ይበሉ። ሲቲ ስካኑን ከፍቶ አጥንትዎን፣ ነርቩን፣ ሳይነሱን በጣቱ እያሳየ የሚያስረዳዎት ሐኪም ሥራውን አስቦበታል። ያለ ኢምፕላንት ምን አማራጭ እንዳለ ይጠይቁ። ክራውኑ በብሎን ነው ወይስ በሲሚንቶ የሚያዘው? በሲሚንቶ ከሆነ ከድድ ሥር የቀረ ትርፍ ሲሚንቶ ብግነት ስለሚያመጣ እንዴት እንደሚጸዳ ይንገርዎት። ከተከላው በኋላም የኢምፕላንቱን ስም፣ መጠንና የምርት ቁጥር የያዘውን ካርድ ተቀብለው ከሌሎች የሕክምና ሰነዶችዎ ጋር ያስቀምጡ፤ ከ15 ዓመት በኋላ በሌላ ከተማ ብሎኑ ቢላላ፣ የሚያየው ሐኪም በየትኛው መፍቻ እንደሚከፍተው የሚያውቀው ከዚያ ካርድ ነው።